ሳንተኩስ ለመጨረስ

አንድ ጌም ለመጨረስ ሦስት ዓመት ፈጅቶብናል። ይህን ስል ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። ማሽኑን ያመጣልን የአክስታችን ልጅ «ሁለት ሰዓት አይፈጅም» ብሎን ነበር፤ እውነቱንም ነው፣ እንደ እሱ ለሚጫወት ሁለት ሰዓት አይፈጅም። እኔንና ወንድሜን ሦስት ዓመት ያስፈጀን እንደ እሱ አንጫወትም ማለታችን ነው። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኜም ልጆች ስልካቸው ላይ ሲጫወቱ ባየሁ ቁጥር ያ ብስጭት እንደ አዲስ ይነሣብኛል። ለአንድም ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናግሬው አላውቅም።

የአክስታችን ልጅ የሚኖረው ደቡብ አፍሪካ ነበር። በዚያ ዓመት ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ ሶዶ መጣና ለዘመድ ካመጣው ብርድ ልብስና ጫማ መካከል አንድ ጥቁር የጌም ማሽን አወጣ። አንድ ጆይስቲክና ሽፋን የሌለው አንድ ሲዲ አብሮት ነበር። ጨዋታውን መሃል ላይ ትቶ በሌላ ቀን ከዚያው ለመቀጠል የሚያስችለውን ትንሽ ካርድ ግን እዚያው ረስቶት መጥቷል። «እልክላችኋለሁ» አለን። እስከ ዛሬ እየጠበቅን ነው። ስለዚህ ማሽኑ በጠፋ ቁጥር ጌሙ ከዜሮ ይጀምራል፤ መጨረሻው አፍንጫችን ሥር ቢሆንም ግድ የለውም።

ጌሙ እንዲህ ነው። ወገቡ ላይ ሽጉጥ የታጠቀ አንድ ሰውዬ በግንብ የታጠረ ከተማ ይደርሳል። ወደ ውስጥ ለመግባት ሰባት በር ማለፍ አለበት፤ በየበሩ ዘበኞች አሉ። ሰውዬው መሮጥ፣ መዝለል፣ ማጎንበስና መተኮስ ይችላል። ጽሑፉ የቻይና ይሁን የጃፓን አናውቅም፤ እዚያ ከተማ ለምን ሊገባ እንደ ፈለገም አልገባንም። ስሙን ስላላወቅን «ሰውዬው» እንለው ነበር።

አባቴ የዞን መሥሪያ ቤት የሰብል ባለሙያ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነው። የአክስታችን ልጅ አጨዋወቱን ሊያሳየን ሳሎን ቁጭ ብሎ ዘበኞቹን እያጋደመ አምስተኛው በር እንደ ደረሰ፣ አባቴ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ገባ። እንግዶቹ ተኩሱን ሲሰሙ የበሩ ደፍ ላይ ቆመው ቀሩ። አባቴ መጀመሪያ በወላይትኛ ተናገረ፤ ከዚያ ቴሌቪዥኑም እንዲገባው ይመስል በአማርኛ ደገመው።

«በዚህ ቤት ሰው አይገደልም።»

ማሽኑ በመጣበት ሻንጣ ሊመለስ ነበር። ያተረፈችው እናቴ ናት። አስተማሪ ናት፣ ማስታረቅ ታውቅበታለች። «ካልገደሉስ?» አለችው። «ሳይገድሉ ይጫወቱ። እሱንም ቅዳሜ ከሰዓት አንተ ለሽማግሌዎች ስብሰባ ስትሄድ ብቻ፤ ስትመለስ ይጠፋል።» አባቴ መልስ አልሰጠም። በእኛ ቤት የአባቴ ዝምታ ፈቃድ ማለት ነው።

እንግዲህ ሁለት ሕግ ይዘን ቀረን፤ አንድም ሰው ሳንገድል፣ አባቴም ሳይመለስ ሰባቱን በር ማለፍ። በመጀመሪያው ወር እንደ ቅጣት ቆጠርነው። በሁለተኛው ወር ኩራታችን ሆነ። የጎረቤት ልጆች መጥተው «ተኩሱ እንጂ! ምን ያሸሻችኋል?» ሲሉን በንቀት እናያቸው ነበር። መተኮስማ ማንም ይተኩሳል። አባቴ ራሱ ሕጉን አንሥቼላችኋለሁ ቢለን የምንሰማው አይመስለኝም። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እኛም ዋጥን።

ወንድሜ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። እኔ ታናሽ እህቱ ፈጣንና ችኩል ነኝ፣ እሱ የረጋ ነው። ስለዚህ ሥራ ተከፋፈልን፤ መሮጥና መዝለል የሚበዛባቸውን አራት በሮች እኔ፣ ተደብቆ ማለፍ የሚጠይቁትን የመጨረሻዎቹን ሦስት እሱ። ጆይስቲኩን የምንቀባበለው ሰውዬው እየሮጠ ሳለ ነው። የወንድሜ የእጅ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ የደረስንበትን በርና የፈጀንን ደቂቃ እሱ በአሮጌ የሂሳብ ደብተር ይመዘግባል። መጀመሪያ ላይ ስድስተኛው በር ለመድረስ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጅብን ነበር። ከዚያ አርባ አምስት፣ ከዚያ አርባ። አንድ ደቂቃ ስንቀንስ አሸናፊ ኳስ ያገባን ያህል እንጮሃለን።

ፖዝ ማድረግ ክልክል ነው አልን። በየመንገዱ የሚገኘውን፣ ጉልበት የሚጨምረውን ቀይ ሣጥን መንካትም ክልክል ነው አለ ወንድሜ፤ «እርዳታ ተቀብለን አልፈን ምን እንላለን?» ብሎ። በዚህ ተጣላን፤ እሱ አሸነፈ። ማን አስገደደን? ማንም። ራሳችን አወጣነው፣ ራሳችን ተቃጠልንበት።

አንድ ቅዳሜ ሦስተኛው በር አጠገብ ያለ ጥግ ላይ ሰውዬውን ሳዘልል ግድግዳው ውስጥ ሰመጠና በወዲያኛው በኩል ወጣ። ጌሙን የሠሩት ሰዎች የዘነጉት ቀዳዳ ነው። አራት ደቂቃ ሙሉ ያተርፋል። እኔ በደስታ ልበር ደረስኩ፤ ወንድሜ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«አልጽፈውም» አለ። «በበሩ አልገባማ። በግድግዳ የሚገባ ሌባ ነው።»

«አባባ አትግደሉ አለ እንጂ አትስረቁ አላለም!» አልኩት። ካልኩት በኋላ ምን እንዳልኩ ለራሴም ተሰማኝና አፌን ያዝኩ።

ሁለት ሳምንት ተኳረፍን። በመጨረሻ የደብተሩን ገጽ መሃል ለመሃል በማስመሪያ ከፍለን፣ በአንዱ ወገን በበር ስንገባ የፈጀንን፣ በሌላው በግድግዳ ስንገባ የፈጀንን መጻፍ ጀመርን። እሱ በግድግዳው ወገን ሲጽፍ ፊደሉን ያሳንስ ነበር፤ አውቆ ነው፣ እኔን ለማናደድ።

ከሁሉ የከፋው መብራቱ ነው። በፈረቃ የነበረበት ዘመን ነው፤ ቅዳሜ የእኛ ሰፈር ተራ ከሆነ ሳምንቱ ባዶውን ቀረ ማለት ነው። ተራችን ባልሆነም ቀን ይሄዳል። ወንድሜ እስትንፋሱን ውጦ ሰውዬውን በሁለት ዘበኞች መሃል በእምብርክክ ሲያሳልፍ፣ ቴሌቪዥኑ መሃሉ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ያሳየንና ድርግም ይላል። ደሜ ይፈላል። ትራስ እወረውራለሁ፣ ሶፋውን እመታለሁ፣ አንድ ቀን ማሽኑን በእግሬ ልለው ስል እናቴ ናት የያዘችኝ። ወንድሜ ግን ሰዓቱን አይቶ ደብተሩ ላይ «መብራት» ብሎ ይጽፋል። እርጋታው ይብስ ያናድደኝ ነበር። የዚያ ደብተር ግማሹ «መብራት» ነው። ከቀረው ብዙው «እንግዳ» ይላል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ዘመድ የሚመጣበት ቀን ነውና።

አንድ ክረምት አባቴ ዓርብ ዕለት ለሥራ ገሱባ ሄዶ መንገዱ በጭቃ ተያዘ። መኪናው ስለማይወጣ ቅዳሜን እዚያው እንደሚውል በስልክ ተነገረን። የሚያባርረን ሰዓት የሌለበት ሙሉ ቀን አገኘን ማለት ነው። ከጠዋት እስከ ማታ መብራት የሚባል ነገር አልነበረም። እሁድ ቀትር ላይ አባቴ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ በሩን ሲከፍት፣ መብራቱ አብሮት ገባ። ሁላችንም ወደ አምፖሉ ቀና አልን። አባቴ እሱን በማየታችን የተደሰትን መሰለው።

ሰባተኛው በር ላይ የደረስነው በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ነው። እዚያ ድልድይ አለ፤ ከድልድዩ ማዶ አንድ ዘበኛ ቆሟል። አንድ ብቻ፣ ግን በሩን የሚሞላ። ሰውዬው ድልድዩን እንደ ረገጠ ዘበኛው ጦሩን ያነሣና ሰውዬውን ውሃ ውስጥ ይጥለዋል። ዘለልን፣ አጎነበስን፣ በግራ ጠርዝ ሄድን፣ በቀኝ ጠርዝ ሄድን። ወንድሜ ለዚህ በር ሲል ሌብነትን ፈቅዶልን ግድግዳውንም ገፋን። የለም። ሰውዬው ሦስት ነፍስ አለው፤ ሦስቱም ውሃ ውስጥ ያልቃሉ። ደብተሩ ላይ «ውሃ» የሚል አዲስ ቃል ተጨመረ።

አባቴ አንድ ቀን ደብተሩን አገላብጦ ምን እንደ ሆነ ጠየቀን፤ አስረዳነው። ሕጉን ይህን ያህል አጥብቀን መያዛችን ሳያስደስተው አልቀረም። ግን «ይህ ሁሉ ሩጫ ለምንድን ነው? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለን። ለምን እንደ ሮጥን ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? የምንሮጠው ሳይመጣብን ነው። ይህን ግን አልነገርነውም።

ያን ዘበኛ ሳንገድል ማለፍ በዚያ ዕድሜዬ ከምፈልገው ነገር ሁሉ በላይ ነበር። ከፈተና ውጤት በላይ ነው የምለው፣ አላጋነንኩም። ደግሞ ብቻዬን አይደለም፤ አራቱን በር እኔ፣ ሦስቱን እሱ፣ ከወንድሜ ጋር።

በሦስተኛው ዓመት ወንድሜ የአስረኛ ክፍል ፈተና ነጥብ አልመጣለትም። ጥቂት ወራት ቤት ዋለ። የአክስታችን ልጅ በስልክ «ይምጣ፣ ሱቅ ውስጥ ሰው እፈልጋለሁ» አለ። በሰፈራችን ወደዚያ የሄደ ልጅ የሌለው ቤት ጥቂት ነበር። አባቴ እምቢ አለ፣ ጸለየ፣ በመጨረሻ ዝም አለ። ጉዞው በሞያሌ በኩል፣ ደላላው በሚያውቀው መንገድ ነው። «ሐሙስ ነው» አለኝ ወንድሜ። አንዲት ቅዳሜ ቀርታናለች።

በዚያች ቅዳሜ ሁሉ ነገር ቀና። መብራት አለ፣ እንግዳ የለም፣ የአባቴ መመለሻ ሰዓት ገና ነው። አራቱን በር በበሩ ገብቼ እንደዚያ ቀን ፈጥኜ አላውቅም። ጆይስቲኩን አቀበልኩት። ሰባተኛው በር ስንደርስ የእጅ ሰዓቱ ሃያ ስድስት ደቂቃ ይላል፤ ያን ያህል ወርደን አናውቅም። ወንድሜ ድልድዩን ረገጠ፤ ውሃ። እንደገና ረገጠ፤ ውሃ። አንድ ነፍስ ቀረችው። ሰውዬውን ድልድዩ አፍ ላይ አቁሞ ትንሽ አሰበ። ከዚያ አውራ ጣቱ ሦስት ዓመት ያልነካነውን ቁልፍ ተጫነ። አንዴ አይደለም፣ አምስት ስድስት ጊዜ።

ዘበኛው በግንባሩ ተደፋ። በሩ ተከፈተ። ሰውዬው ገብቶ ከአንድ ቤት ደጅ ላይ ተቀመጠ፣ የማይነበብ ጽሑፍ ከታች ወደ ላይ ወጣ፣ አለቀ። ይህ ነበር መጨረሻው።

«ጨረስነው!» አለ ወንድሜ፤ እየሳቀ እጁን ዘረጋልኝ።

ሶኬቱን ነቀልኩት።

«አባባ መጣ እንዴ?» አለና ተደናግጦ ማሽኑን ይጠቀልል ጀመር።  ጓሮ ወጥቼ እንሰቱ ሥር ቆምኩ። ሦስት ዓመት! ለአምስት ጥይት ከሆነ እንደ ጎረቤት ልጆች በመጀመሪያው ቀን አንተኩስም ነበር? ከተበላ ከተማና ከሁምቦ ዘመዶች ሊሸኙት መጥተው ቤቱ ሞልቶ ስለነበር፣ እስከ ሐሙስ ድረስ አንድ ቃል እንዳልተነፈስኩለት ያስተዋለ የለም።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ሁሉም መናኸሪያ ሊሸኘው ተነሣ። እናቴ ሁለት ጊዜ ጠራችኝ። ብርድ ልብሱን ተከናንቤ ዝም አልኩ። ወንድሜ ራሱ መጥቶ በብርድ ልብሱ ላይ እግሬን ነካ ነካ አደረገኝ። አልተንቀሳቀስኩም። ጥቂት ቆመ፤ ከዚያ የውጭው በር ሲዘጋ ሰማሁ። በእኛ ዘንድ እንኳን ወንድም፣ ጎረቤትም ቢሆን ሳይሸኝ አይሄድም።

አሁን ሳስበው ያናደደኝ መሄዱ ነበር ብዬ ብጽፍ ያምርልኝ ነበር። ውሸት ነው። ያናደደኝ መተኮሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ለወራት ወሬው ጠፋ። ኬንያ ነው ሲሉን ታንዛኒያ ነው ይሉናል፤ እናቴ በጾምና በጸሎት ከሳች። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰባቱንም በር ብቻዬን እጫወት ነበር። ደስ ብሎኝ አይደለም፤ ሳይተኮስ እንደሚታለፍ ላረጋግጥና ሲመጣ ፊት ለፊት ልነግረው ነው። ሁልጊዜ ውሃ።

አንድ ቅዳሜ ድልድዩ አፍ ላይ እንደ ደረስኩ እናቴ ከደጅ ጠራችኝ። እህቷ ከተበላ ከተማ በቆሎ ልካ ጋሪው በር ላይ ቆሟል። ፖዝ ማድረግ ክልክል ነው። ብቻዬንም ሆኜ፣ የሚያየኝ ሳይኖር፣ ፖዝ አላደረግኩም። ጆይስቲኩን ምንጣፉ ላይ ጥዬ ወጣሁ። ሁለት ጆንያ አስገባን፣ ባለ ጋሪው ውሃ ጠጣ፣ ስለ ዝናቡ አወራ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቼ ስመለስ ዘበኛው የለም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ሰዓት ይዤ ቁጭ ብዬ አየሁት። ሰውዬው ድልድዩን ሳይረግጥ ዝም ብሎ ከቆመ፣ ዘበኛው በስምንተኛው ደቂቃ ጦሩን ግድግዳው ላይ ያስደግፋል፣ ጀርባውን ያካል፣ በሩን ከፍቶ ወደ ውስጥ ይገባል። በቃ። ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያ ድልድይ ላይ ስምንት ደቂቃ ቆመን አናውቅም። ሰዓት ለመቀነስ እንሮጣለን፣ ስንሮጥ እንሞታለን፣ ስንሞት የበለጠ ለመሮጥ እንምላለን።

ሰውዬውን በክፍቱ በር አስገባሁት። ምንም ደስታ አልተሰማኝም። ወጥቼ ጎደሬ ለምትልጠው እናቴ ነገርኳት።

«ታዲያ ሰው ደጅ ሲደርስ ቆሞ አይጠብቅም?» አለችኝ ቀና ሳትል። «ዘው ብሎ ይገባል እንዴ?»

እውነቷን ነው። እኛ አገር ሰው ቤት የሚሄድ ከውጭ ቆሞ ይጣራል፤ ግቡ እስኪባል ይቆማል። ይህን ጡት ሳንጥል ነው የተማርነው።

«ሦስት ዓመት በሳሎኑ ስታልፊ ታዪን ነበር! ለምን አልነገርሽንም?»

«ጠየቃችሁኝ?» አለች።

ወንድሜ ከዓመት በኋላ ከደቡብ አፍሪካ ደወለ። ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይደውል ነበር። መጀመሪያ አባቴ ይጸልይለታል፣ እናቴ ታለቅሳለች፣ አክስቶቼ ተራ ይይዛሉ፣ እኔ ዘንድ ሲደርስ ካርዱ ያልቃል። «ሄሎ» ብዬ ሳልጨርስ ይቋረጣል። የምነግረውን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አዘጋጅቼዋለሁ፤ ስንት እሁድ ይዤው እንደ ገባሁ አላውቅም።

አንድ እሁድ አሞኝ ቤት ቀርቼ ሳለ ስልኩ ቀድሞ ጮኸ። ከእኔ በቀር ሰው የለም።

«ሰባተኛውን በር አለፍኩት!» አልኩት፣ ሰላምታውን እንኳ ሳላስጨርሰው። «ሳልተኩስ! ዘበኛው ዝም ብለው ሲጠብቁት ራሱ ይሄዳል፤ ስምንት ደቂቃ ብቻ!»

ከበስተኋላው የሚገበያዩ ሰዎች ድምፅ ይሰማል።

«የቱ በር?» አለኝ።

«የጌሙ ነዋ! የሰውዬው!»

«እህ... ያ የአክስታችን ልጅ ያመጣው? አሁንም አለ እንዴ?» ሳቀ። «ቅዳሜ ቅዳሜ መጫወታችን ትዝ ይለኛል። በሩን ግን አላስታውስም።»

ደብተሩን፣ ግድግዳውን፣ ሃያ ስድስቱን ደቂቃ ላስታውሰው አፌን ከፈትኩ። ቀደመኝ።

«እኔ የማስታውሰው ሌላ ነው» አለ። «ያን ቀን መናኸሪያ ለምን አልመጣሽም? ምን በድያት ይሆን እያልኩ ሞያሌ ደረስኩ። መንገድ ላይም ያሰብኩት እሱን ነው።»

ቴሌቪዥን ውስጥ ያለ ዘበኛ ስለ ገደልክብኝ ነው ተብሎ እንዴት ይነገራል? ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ለሄደ ሰው?

«ተኝቼ ነበር» አልኩት።

«አልተኛሽም ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ። «ስነካሽ እግርሽን ሰበሰብሽው።»

ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ካርዱ አልቆ ይሁን እሱ ዘግቶት፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም።